ድምፅ የሌላት መንገደኛ

 

በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ከምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ ከጭሮ ተነስተን ዘመድ ለመጠየቅ መንገድ ወጣን። ሐሳባችን መጀመሪያ ወደ ሂርና፣ ቀጥሎ ወደ በዴሳና ገለምሶ ሄደን ከተመለስን በኋላ፣ በሚኤሶና በአዋሽ በኩል አዲስ አበባ የልጆቹ አያት ዘንድ ለመድረስ ነበር። እኛና የልጆቹ እናት፣ ሦስት ልጆች፣ መኪናውን የሚነዳው የልጆቹ አጎት፤ በድምሩ ስድስት ሆነን ተሳፈርን። ሰባተኛዋን መንገደኛ ግን ማንም አልቆጠራትም። እርሷ ጥንቸል ነበረች።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በአብዛኛው የእርሷ ነው። ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታያችሁ አንባቢዎች ትኖሩ ይሆናል። እኛም ሚኤሶ እስክንደርስ ድረስ እንደዚያው አድርገን ነበር ያየነው።

ሐላል ናትና ትታረድ?

ስሟ ኢሌቲ ነው። ኢሌቲ ማለት በኦሮምኛ ጥንቸል ማለት ሲሆን፣ ስሙን ያወጣችላት የሰባት ዓመቷ ታናሽ ልጃችን ናት። አንድ ዘመድ ከሐረር ሲመጣ በካርቶን ይዞላት የመጣ ነጭ ጥንቸል ናት፤ ጆሮዎቿ ብቻ ቡናማ ናቸው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ሳታስቀምጥ ሣር ታጭድላታለች። የመንገዱ ነገር ሲነሳ የጠየቀችን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ኢሌቲስ?» አለችን። እኛም ሳናስብበት «እርሷም ትሄዳለች» ብለን ቃል ሰጠናት።

ቀኑ ሲቃረብ ግን ነገሩ ከበደን። ለጎረቤት አደራ ልንሰጣት ብንል የጎረቤት ድመትና ውሻ አለ። አንድ የሥራ ባልደረባችን ይህን ሰምቶ «ምን ያስጨንቃችኋል? ሐላል ናት፤ አርዳችሁ ብሉና ተገላገሉ» አለን እየሳቀ። በሸሪዓው ረገድ ተሳስቷል አይባልም። አነስ (ረ.ዐ.) በወጣትነታቸው መረ ዘህራን በሚባል ቦታ አንዲት ጥንቸል አሯሩጠው እንደያዙ፣ አቡ ጠልሐ (ረ.ዐ.) እንዳረዷትና ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሥጋዋ ተልኮላቸው እንደተቀበሉ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ልጅቷ ተኝታ ሳለ ነገሩን ጨርሰን ጧት «ጠፋች» ልንላት አስበን ነበር።

ይህን ለልጆቹ እናት ስንነግራት ሊጥ እያቦካች ነበር። ቀና ሳትል «ጥንቸሏ ሐላል ናት፤ ‹ጠፋች› የምትባለዋ ቃልስ?» አለች።

መልስ አልነበረንም። በመድረሳ የተማርነው አንድ ሐዲስ ትዝ አለን። አንዲት እናት ልጇን «ና፣ አንድ ነገር እሰጥሃለሁ» ብላ ስትጠራው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር መሆኑን ስትነግራቸው፣ ምንም ሳትሰጠው ብትቀር ኖሮ ውሸት ተብሎ ይጻፍባት እንደነበር ነገሯት። ልጅ ስለሆነ ብቻ ቃል የማይከበርለት ሰው የለም ማለት ነው። ደግሞም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዑመይር የሚባለውን ሕፃን ስለ ትንሿ ወፉ ይጠይቁት ነበር፤ ወፏ ሞታበት ሲያዝን አይተው በማዕረግ ስሙ ጠርተው አጽናንተውታል። የልጅን እንስሳ ተራ ነገር አላደረጉትም። ስለዚህ ኢሌቲ እንድትሄድ ተወሰነ።

ቤት የሆነች መኪና

መኪናዋ የልጆቹ አጎት አሮጌ ሚኒባስ ናት። የኋላ ወንበሮቿ ተነቅለው ፍራሽ ተነጠፈባት፤ ጀሪካን ውኃ፣ ቡታጋዝ፣ ጀበና፣ ብርድ ልብስና መስገጃ ተጫነባት። በውጭ አገር ‹ካምፐር› የሚሉት፣ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና አለ። ጀርመን ውስጥ በፈረንጆች 1950 ዓመተ ምሕረት መመረት የጀመረው የፎልክስቫገን ሚኒባስ ወዲያው ቤት እንዲሆን ተደርጎ መሠራት ጀመረ፤ ዛሬ ቤተሰቦች ውሻና ድመት፣ አልፎ አልፎም ጥንቸል ይዘው አገር ለአገር ይዞሩበታል። የእኛዋ እንደዚያ ያማረች ባትሆንም፣ የዘመድ ቤት በእንግዳ ሲሞላ ወንዶቹ የምናድርባት ቤት ነበረች።

ለኢሌቲ ያሰናዳንላት የሽቦ ሣጥን ነበር። ከሥሩ ጆንያ አነጠፍንለት፤ ለስላሳ ወለል ላይ እግሯ እየተንሸራተተ እንዳትሰበር። ድርቆሽም ጠቅልለን ያዝን። የጥንቸል ሆድ ቀኑን ሙሉ ቃጫ ያለው ምግብ ይፈልጋል። ግማሽ ቀን ያህል ሳትበላ ከዋለች አንጀቷ መሥራት ሊያቆምና ልትሞት ትችላለች። ሲያማትም አትጮኽም። በዱር ለአዳኝ አውሬ ሁሉ ሲሳይ የሆነች ፍጡር ናትና ሕመሟን መደበቅ ልማዷ ነው። ይህን ሁሉ ከመውጣታችን በፊት አንብበን አውቀን ነበር። ማወቅ ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠቅም ደግሞ በኋላ አየነው።

የጉዞውን ዱዓ አድርገን ተነሳን። ይህን መጓጓዣ የገራልን አላህ ጥራት የተገባው መሆኑን፣ ያለ እርሱ እኛ አቅሙ እንዳልነበረን የምንመሰክርበት ዱዓ ነው።

በጨርጨር ተራሮች

ጭሮ ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ከፍታዋም ወደ 1,800 ሜትር ነው። አሰበ ተፈሪ የሚለው ስሟ በራስ ተፈሪ ዘመን የወጣላት ሲሆን፣ በ1910ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ የሆኑት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በፕላን እንድትሠራ የደከሙባት ከተማ ናት። እኚህ ሰው ከዚያ ቀደም ብሎ የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የሚባለውን የአውሬዎች ኮመዲያ የጻፉ ናቸው። በቴአትሩ አራዊት እንደ ሰው ይናገራሉ። የእኛዋ ኢሌቲ ግን ሣጥኗ ጥግ ተቀምጣ አፍንጫዋን ከማርገብገብ በቀር ምንም አትልም።

ወደ ሂርና የሚወስደው መንገድ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ክረምት ነውና ጭጋጉ መኪናችን ድረስ ወርዶ ነበር። በግራና በቀኝ በእርከን የተያዘ ማሳ፣ ማሽላና ቡና፣ ጫትም ይታያል፤ በየደጁ ደግሞ ታስሮ በእጅ የሚቀለብ ሰንጋ አለ። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን ሜዳ ለቆ አያሰማራውም፤ የማሽላውን ቅጠልና ዘለላ ለቅሞ በአፉ ያጎርሰዋል። የሐረር ሰንጋ በገበያ ስሙ የገነነው በዚህ ድካም ነው። ሂርናም የአካባቢው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ የሚገኝባት ከተማ ናት። ልጃችን ይህን ስትሰማ «ጥንቸልም ያክማሉ?» ብላ አጎቷን አሳቀችው።

በመጀመሪያው ሌሊት መኪናዋን አስፋልቱ ዳር አቁመን ልንተኛ ስንል የቤቱ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ፋኖስ ይዘው ወጡ። «መንገድ ዳር አይታደርም፤ ወደ ግቢ አስገቧት» አሉን። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ሌሊቱን በዚያ መንገድ እንዴት እንደሚበርሩ የሚያውቅ ሰው ምክር ነበር። ነገሩ ከዚያም የቆየ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መንገደኛ ሌሊት ሲያርፍ ከመንገዱ ገለል እንዲል ማዘዛቸው በሙስሊም ዘገባ ይገኛል፤ መንገድ በሌሊት የእንስሳትና የተሳቢዎች መተላለፊያ ነውና። በዚሁ ሐዲስ ልምላሜ ባለበት ስንጓዝ ግመሎች ከምድሪቱ ድርሻቸውን እንዲያገኙ፣ ድርቅ ባለበት ግን ሳይደክሙ እንድናፈጥን ታዟል። ልጅ ሳለን ይህን በቃላችን አጥንተነው ነበር። ግመል ስላልነበረን ግን ከእኛ ጋር ጉዳይ ያለው አይመስለንም ነበር።

ከሂርና ተመልሰን ወደ በዴሳና ገለምሶ ወረድን። ከጭሮ በስተደቡብ ባሉት የቁኒ ተራሮች በ1982 ዓ.ም. ለደጋ አጋዘን ጥበቃ የተከለለው የቁኒ ሙክታር መጠለያ ይገኛል። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። ገለምሶ ደግሞ የቡናና የዕውቀት አገር ናት። ሌሊት ከመስጂድ የደረሶች የቁርአን ድምፅ እየተሰማ፣ ኢሌቲ ጨለማ ውስጥ ድርቆሿን ስታኝክ አብረን ሰማን። በብርዱ አገር ምንም አልሆነችም። እኛም በዚህ ተዘናጋን።

ሚኤሶ

ከጭሮ ወደ ሚኤሶ የምንወርድበት ቀን ፕሮግራማችን ግልጽ ነበር፤ ሱብሒ እንደሰገድን ተነስተን ቆላውን በብርድ ማለፍ። ነገር ግን ለአማታችን የሚሆን ቡና ልንገዛ ገበያ ገባን። ከገበያ ወዳጅ አገኘን፤ ከወዳጅ ጋር ሻይ ጠጣን። መኪናዋ የተነሳችው ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው። የዘገየው ሌላ ማንም አልነበረም፤ እኛው ነበርን።

መንገዱ ከጭሮ ቁልቁል ይወርዳል። ጭጋጉ ቀርቶ ግራርና አቧራ ይመጣል። ሚኤሶ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት፤ በፈረንጆች 1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡር ያለፈባት፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡርም ጣቢያ የሠራባት ናት። በገበያዋ የኦሮሞና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ግመልና ፍየል ይዘው ይገናኛሉ።

የደረስነው ለዙህር ነበር። መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቆምን። ዕቃ እንዳይሰረቅ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋን። ውዱእ አደረግን፤ ሙሳፊር ነንና ዙህርና አስርን አሳጥረን አጣምረን ሰገድን። ከዚያም ጥላ ሥር ምሳ ቀረበ፤ ሻይ መጣ፤ ወሬ መጣ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ድንገት ልጃችን እጇን ከሳህኑ ላይ አነሳችና ወደ መኪናዋ ሮጠች።

በሩ ሲከፈት የወጣው ሙቀት የምጣድ ነበር። ኢሌቲ በጎኗ ተጋድማለች። አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ዙሪያው በምራቅ ርሷል። ጥንቸል በአፏ የምትተነፍሰው ነገሩ ሲብስባት ነው። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ሣጥኑን አቅፋ ቆመች። እኛም ቆምን። ምን እንደሚደረግ አላወቅንም።

ከጎናችን አንድ በዕድሜ የገፉ የግመል አርቢ ተቀምጠው ነበር። ምንም ሳይሉ ሣጥኑን ከልጅቷ ተቀብለው ዛፍ ሥር ወሰዱት። ሽርጣቸውን ከጀሪካኑ ውኃ ነክረው የጥንቸሏን ጆሮዎች ደጋግመው አራሱ፤ በመስገጃው ጫፍ ቀስ እያሉ አራገቡላት። ልጃችን ውኃውን ልታፈስባት ስትል እጇን ያዙ፤ «በአንዴ አይሆንም» አሏት። ጥቂት ቆይታ ኢሌቲ ቀና አለች። አፏንም ገጠመች።

ያን ጊዜ ወደ እኛ ዞር አሉ። ቁጣ የለባቸውም፤ የገረማቸውን እንደሚጠይቅ ሰው ነበሩ። «መዓሊም፣ እናንተ ስትወርዱ እርሷ ለምን አልወረደችም?»

ውድ አንባቢያን፣ ለዚህ ጥያቄ ምን ይመለሳል? እኛ ለተማሪዎቻችን ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት ከውጭው አየር በ15 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊሞቅ እንደሚችል የምናስተምር ሰዎች ነን። ጥንቸል እንደ ሰው ላብ እንደማታወጣ፣ ሙቀቷን የምታስወጣው በአብዛኛው በጆሮዎቿ እንደሆነ አንብበናል። በመድረሳም ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችውና ስለተቀጣችው ሴት፣ የተጠማ ውሻ አጠጥቶ ምሕረት ስላገኘው ሰው ተምረናል። ሁለቱንም ትምህርት ይዘን ነበር። ሁለቱንም መኪናው ውስጥ ዘግተንባቸው ወረድን።

ሽማግሌው ስለ ራሳቸው ኑሮ አጫወቱን። ሲሰደዱ ሴቶቹ የቤቱን እንጨትና ምንጣፍ ነቅለው ግመል ላይ ይጭኑታል፤ ቤት ማለት እርሱው ነው። በእግራቸው መንገዱን የማይችሉ የፍየል ግልገሎችም እዚያው ጭነቱ ላይ ይቀመጣሉ። ማታ ሲሰፍሩ መጀመሪያ የሚወርዱት ግልገሎቹ ናቸው፤ ከዚያ የግመሉ ጭነት ይፈታል፤ ሰው የሚቀመጠው በመጨረሻ ነው። «እነርሱ ሳይወርዱ የተቀመጠ ሰው ጎጆው ይወድቅበታል ይባል ነበር በልጅነታችን» ብለው ሳቁ።

እኛ ግን አልሳቅንም። አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት አንድ ነገር በዚያች ሰዓት ትርጉሙ ገባን። ሰሓቦች በጉዞ ላይ ሲያርፉ ጓዙን ከእንስሶቻቸው ላይ ሳያወርዱ ሰላት አይጀምሩም ነበር፤ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ለሰላት የመጀመሪያዎቹ የሆኑት ሰዎች ሰላትን እንኳ ለዚህ ጥቂት ያቆዩ ነበር። እኛ ግን ሰላታችንንም ምሳችንንም ሻያችንንም አስቀደምን።

መኪናዋ ጋ ስንመለስ ልጃችን «አባ፣ ረስተናት ነው?» አለችን።

«ሙቀቱ ነው» ማለት ይቻል ነበር። «አላወቅንም» ማለትም ይቻል ነበር። «አዎ፣ ረሳናት። ጥፋቱ የእኛ ነው» አልናት። ጥቂት አሰበችና ሣጥኑን ጭናችን ላይ አስቀመጠችው።

የአዋሽ ሌሊት

ፀሐይዋ እስክትበርድ ከሚኤሶ አልተንቀሳቀስንም። ከዚያ በአሰቦትና በቦርደዴ አልፈን ለመግሪብ አዋሽ ሰባት ኪሎ ገባን። ጨለማ ውስጥ መቀጠል አልፈለግንም፤ በአንድ አጥር ባለው የማረፊያ ግቢ መኪናችንን አቁመን ልናድር ወሰንን። እንደቆምን ማንም ሳያዝ ታላቁ ልጃችን ሣጥኑን ቀድሞ አወረደው።

አደጋው ግን አላለፈም ነበር። ኢሌቲ ከሚኤሶ ወዲህ አልበላችም። ድርቆሽ አቀረብንላት፤ አልነካችውም። የጎመን ቅጠል ሰጠናት፤ አሸተተችና ተወችው። ልጆቹ ሲተኙ ታናሺቱ አልተኛችም። እኛም ከእርሷ ጋር በጨለማ ተቀመጥን። ሞታ ብናገኛት ምን እንደምንላት አሰብን፤ የሚባል አልነበረም። ሌሊቱ ተጋመሰ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሣጥኑ በኩል ያ የምናውቀው የማኘክ ድምፅ ተሰማ። ልጅቷ እጃችንን ጨበጠች። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ሱብሒን ሰግደን ገና ሳይነጋ ተነሳን። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ስናልፍ በመኪናው መብራት አንዲት የዱር ጥንቸል መንገዱን አቋርጣ ግራሩ ውስጥ ገባች። ያች በዚያው ቆላ ተወልዳ ጥላዋን ታውቃለች፤ ቀን ተኝታ በብርድ ትወጣለች። የእኛዋ ግን መንገዱን አልመረጠችም፤ በሩን መክፈት አትችልም፤ ማረፊያዋም መውጫዋም በእኛ እጅ ነው። የአማና ትርጉም ይኸው አይደለምን? ሙቀቱ ሳይጀምር መተሐራን አለፍን፤ ረፋድ ላይ አዲስ አበባ ገባን። የልጆቹ አያት «ደኅና ገባችሁ?» ሲሉን ታናሺቱ «ሰባታችንም ደኅና ገባን» አለቻቸው።

ለመንገደኛ ወላጆች

አንባቢያን እንድትጠቀሙበት ከስሕተታችን የተማርነውን በአጭሩ እናስቀምጥ። ጥንቸልም ሆነ ዶሮ፣ ድመትም ሆነ በግ ይዛችሁ ስትጓዙ በማለዳ ተነሱ፤ ቆላውን በቀትር አትለፉ። ሣጥኑ አየር የሚያስገባ፣ ወለሉ የማያንሸራትት ይሁን፤ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አታስቀምጡት። ውኃና ድርቆሽ ከእጃችሁ አይራቅ፤ በየማረፊያው መብላቷን አረጋግጡ። ሙቀት ከጎዳት ጥላ ሥር አድርጋችሁ ጆሮዋን በመጠኑ በቀዘቀዘ ውኃ አርጥቡ፤ በረዶ ውኃ ውስጥ ግን አትንከሯት። በዝግ መኪና ውስጥ ለአንድ ሻይ ያህል እንኳ አትተዉአት። ሕፃን ልጅም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከሁሉ በላይ፣ ስትቆሙ መጀመሪያ እርሷን አውርዱ።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አንዓም በምድር የሚንቀሳቀሱና በክንፍ የሚበርሩ ሁሉ እንደ እኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ነግሮናል። ከእነዚህ አንዷን በሣጥን ይዘን አገር አቋረጥን፤ ከእርሷ የበለጠ አስተማሪ አላገኘንም።

አላህ በመንገዳችን ሁሉ ድምፅ የሌላቸውን የምንሰማ፣ ለልጆቻችን የገባነውን ቃል የምንጠብቅ ያድርገን። የሚኤሶውን ሽማግሌ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አሚን።